እትዬ ጠርሙስ፤ የእንጆሪ ሽሮፕ አፍልተው የኖሩ እናት የሕይወት ታሪክ

በራቸው ላይ የተለጠፈው የኀዘን ማስታወቂያ «የመድኃኒት ባለሙያ የነበሩት» ይላል። ስህተት ነው። አታሚው በስልክ «ሥራቸው ምን ነበር?» ሲል የእህታቸው ልጅ «መድኃኒት ቤት» ብሎ መለሰ፤ የቀረውን አታሚው ከራሱ ጨመረበት። እሳቸው ቢያዩት ወረቀቱን ራሳቸው ይገነጥሉት ነበር። በመድኃኒት ቤቱ ጓዳ ሠላሳ አንድ ዓመት ጠርሙስ አጠቡ እንጂ መድኃኒት አልቀመሙም። ቅመማው የመጣው በኋላ ነው፤ እሱም በገዛ ወጥ ቤታቸው።

እትዬ ጠርሙስ ከልብስ ሰፊው አባታቸውና ከልብስ አጣቢዋ እናታቸው ሰኔ 3 ቀን 1942 ዓ.ም. ተወለዱ። ትምህርታቸውን እስከ ስድስተኛ ክፍል ተከታተሉ። ከዚያ የእናታቸው እጅ በሳሙና ብዛት ቆስሎ አልድን ሲል ደብተሩን አስቀምጠው ገንዳውን ተረከቡ። በ1960 ዓ.ም. መድኃኒት ቤቱ ሲቀጥራቸውም የተለወጠው የሚታጠበው ነገር ብቻ ነው። እያንዳንዱን ጠርሙስ በመስኮቱ ብርሃን አንጻር ያገላብጡት ነበር፤ የጣት አሻራ ካዩበት ተመልሶ ውሃ ውስጥ ይገባል። መጠሪያቸውም እዚያው ወጣላቸው፤ ከዚያ በኋላ እውነተኛ ስማቸውን የሚጠራ ቢኖር ፖስተኛው ብቻ ነው።

በ1963 ዓ.ም. የዱቄት ፋብሪካ ሠራተኛ የነበሩትን ባለቤታቸውን አገቡ፤ በ1966 ዓ.ም. አንድ ሴት ልጅ ወለዱ። ባለቤታቸው ማታ ማታ ቅንድባቸው ሳይቀር ነጭ ሆኖ ይገቡ ነበር። ዱቄቱ ከልብስ ይራገፋል፤ ከሳንባ ግን አልተራገፈም። በ1989 ዓ.ም. የባለቤታቸው ሳል ሲጠና እትዬ ከጓሮ አጥራቸው ላይ ጥቁሩን እንጆሪ ለቅመው የመጀመሪያውን ሽሮፕ አፈሉ።

አሠራሩን ሰፈሩ ሁሉ በቃሉ ያውቀዋል፤ ሳይጠየቁ ይነግሩን ነበርና። እንጆሪው ጠዋት፣ ፀሐይ ሳትነካው ይለቀማል። በትንሽ ውሃ፣ በለዘብተኛ እሳት ይበስላል፤ በእንጨት ማንኪያ ይደቆሳል። ከዚያ ወንበር ተገልብጦ በአራቱ እግሮቹ ላይ ንጹሕ ጨርቅ ይታሰርና በራሱ ጊዜ ጠብ ጠብ እያለ ይጠልላል። ጨርቁን የጨመቀ ሰው ከወጥ ቤት ይባረራል፤ ሽሮፑ ይደፈርሳላ! ጦስኙ በፈላ ውሃ ለብቻው ተከድኖ ይቆያል፤ ማሩ ለብ ሲል ይገባል። ጠርሙሱ መቀቀሉን መናገር አያስፈልግም። እስከዚህ ድረስ ማንም አቃቂር አያወጣለትም። ችግሩ ጦስኙ በእፍኝ፣ ማሩ በሻይ ማንኪያ መሆኑ ነው። «እትዬ፣ ትንሽ ማር ቢጨመርበትስ?» ያላቸውን ሁሉ «ከረሜላ ካማረህ ሱቁ ማዶ ነው!» እያሉ መለሱት። ባለቤታቸው ብቻ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው አራት ዓመት ሙሉ ጠጡት፤ አንድ ቀን መረረኝ አላሉም። በ1993 ዓ.ም. አረፉ።

ከዚያ ወዲህ ድስቱ አላነሰም፤ ያነሰው ጠጪው ነው። ስለዚህ በየዓመቱ፣ እንጆሪው ሲደርስ፣ በመንገዳችን ላይ ላለነው አሥራ አንድ ቤቶች ጠርሙስ ጠርሙስ ይዘው መምጣት ጀመሩ፤ ቀኑ በእጅ ጽሑፋቸው ተለጥፎበት። እኛም በሁለት እጃችን ተቀበልን፣ «እግዜር ይስጥልን» አልን፣ በሩን ዘጋን፣ ሽሮፑን የዕቃ ማጠቢያው ቧንቧ ውስጥ ደፋን፣ ጠርሙሱን አጥበን መለስን። ባዶ ጠርሙስ ያየ ሰው ደግሞ አልቆባቸዋል ብሎ ሌላ ይሞላል። እሳቸውም ሞሉ፣ እኛም ደፋን። ሃያ ዓመት።

የእሳቸው ቤት የመንገዱ ታች ነው፤ የአሥራ አንዳችንም እጣቢ በበራቸው በኩል ባለው ቦይ ያልፋል። በዚያ ሰሞን ቦዩ ቀላ ይል፣ ጉንዳን ይሰፍርበት ነበር። እሳቸው በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው «ጉንዳኖቹ ዘንድሮ ወፍረዋል» ይሉ ነበር፤ እኛም አብረን እንስቅ ነበር።

በ2009 ዓ.ም. ሩቅ ከተማ የምትኖረውን ልጃቸውን ሊጠይቁ ሄደው ካሰቡት አምስት ቀን ቀድመው ተመለሱ። ስኳር ፍለጋ ቁም ሣጥኗን ሲከፍቱ የላኩላት ሰባት ጠርሙስ ክዳኑ ሳይነካ ተሰልፎ አገኙት። ስንጠይቃቸው «ሰባቱም ንጹሕ ናቸው፤ አሻራ እንኳ የለባቸውም» ብለው ወሬ ለወጡ። እንግዲህ እሷ አልደፋችውም፤ ከእኛ ይህን ያህል ትሻላለች።

በ2014 ዓ.ም. ወድቀው የቀኝ እጃቸው አንጓ ተሰበረ፤ የዚያ ዓመት እንጆሪ አጥሩ ላይ ረገፈ። በተከታዩ ጥር ሳል ጀመራቸው፤ ሳሉም ወደ ሳንባ ምች ተለወጠ። በሕክምና ሲረዱ ቆይተው የካቲት 9 ቀን 2015 ዓ.ም. በተወለዱ በሰባ ሁለት ዓመታቸው ዐረፉ። አንዲት ልጅ፣ ሁለት የልጅ ልጆች፣ አንዲት እህትና ከእነ ሥሩ ያለ የእንጆሪ ቁጥቋጦ ትተዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ሳል በማይደርስበት ያሳርፍልን፤ እኛንም ይቅር ይበለን።

ይቅርታው ያለ ምክንያት አልተለመነም። ሊያርፉ ሦስት ሳምንት ሲቀራቸው ግድግዳ የምትጋራቸውን ጎረቤታቸውን አስጠርተው «አንቺ፣ ከሰጠኋችሁ ውስጥ ግማሽ ጠርሙስ እንኳ ብትፈልጊልኝ» አሉ። «ደረቴን ያለዝብልኝ ነበር።» ጎረቤቲቱ የአሥሩንም ቤት በር አንኳኳች፤ የራሷንም ቁም ሣጥን ገለበጠች። በአንዱ ቤት ጠርሙሳቸው ኮምጣጤ ይዟል፣ በሌላው ላምባ፣ በሌላው ቀንበጥ ተሰክቶበታል። ከሽሮፑ ጠብታ አልተገኘም። ባዶ እጇን ተመልሳ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

«እትዬ፣ ጠጥተን ጨርሰነዋል» አለች። «ከመጣፈጡ የተነሣ ለክፉ ቀን እንኳ አላስተረፍንም።»

ስለው ስለው ሲያበቁ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

«የእናንተ ቧንቧ ግን ጎበዝ ነው» አሉ፤ «ሃያ ዓመት ሙሉ ሲጠጣ አንድ ቀን አላሳለውም።»