ለወንበር ብዬ ያወጣሁት መጽሐፍ

ሰኞ፣ የካቲት 3

ቤት ውስጥ መሥራት አልተቻለም። ትንሿ የእርሳሴን ጫፍ በላችው። ትልቁ ኳሱን ከግድግዳ ጋር ሲያጋጭ ይውላል። የአዋላጆቹ መመሪያ ትርጉም የካቲት 28 መግባት አለበት፤ መጋቢት 1 ሥልጠናው ይጀመራል። መቶ ስድሳ ገጽ። የተሠራው ሃያ ሁለት!

ባለቤቴ ጋራዡን ለምኖ ወደ ማታ ፈረቃ ተዛወረ። "ቀን ቀን ልጆቹን ለኔ ተዪልኝ። አንቺ ብቻ ጨርሺ" አለ። መቼ ሊተኛ ነው? ጠየቅኩት። ሳቀ።

ነገ አሮጌው ቤተ መጻሕፍት እሄዳለሁ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 4

በሩ በትከሻ ካልተገፋ አይከፈትም። የድንጋይ ደረጃው መሃል መሃሉ ጎድጉዷል… ስንት ሰው ረግጦት ይሆን? የንባብ ክፍሉን ጣሪያ ለማየት አንገት መቀጨት ነው። ረጃጅም መስኮቶች፣ ቁጥር የተቀረጸባቸው ከባባድ ጠረጴዛዎች። ጸጥታ። የፈለግኩት ይኸው አይደል?

ግን ሕግ አላቸው። መጽሐፍ ያላወጣ አይቀመጥም። መጽሐፍ የምታወጣው ሴትዮ ፈገግ እንኳ ሳትል፣ "እህቴ፣ ይሄ የንባብ ክፍል እንጂ መጠበቂያ ክፍል አይደለም" አለችኝ። የመጻሕፍቱ ቁጥር ከተጻፈባቸው ካርዶች መሳቢያ እጄ የገባውን ቁጥር ጽፌ ሰጠኋት። የድሮ መንገዶችና ድልድዮች መዝገብ መጣልኝ፤ ወፍራም፣ አቧራ አቧራ የሚል። ክንዴን አስደገፍኩበት። ጥሩ ትራስ ሆነኝ።

ዛሬ፦ አንድ ገጽ።

ሐሙስ፣ የካቲት 6

ቁጭ ብድግ፣ ቁጭ ብድግ። አራት ጊዜ ውሃ ልጠጣ ወጣሁ። መስኮቶቹን ቆጠርኩ፤ ዐሥራ ስምንት ናቸው። ምን ነካኝ? ቤት እያለሁ በልጆቹ ጫጫታ አሳብብ ነበር። እዚህ ዝንብ እንኳ የለም…

ያንኑ መጽሐፍ ነው የማወጣው። ሴትዮዋ ከመግባቴ ታቀብለኛለች። "በስምሽ ይዤልሻለሁ" አለች።

ማታ ባለቤቴ ሊወጣ ሲል፣ "ዛሬስ ስንት ደረሰ?"

"ስምንት ሠራሁ።"

ሁለት ነበር።

ሰኞ፣ የካቲት 10

ቀጭኗ ደወለች። ቢሮ አብረን ነው የምንተረጉመው፤ ድሮ ነርስ ነበረች። "ከከበደሽ ግማሹን ልውሰድልሽ፣ ግድ የለም" አለች።

"ኧረ ምን ይከብደኛል!" የቤተ መጻሕፍቱ ኮሪደር አስተጋባ። ዘበኛው ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ።

ለምን እምቢ አልኩ? ይኸው፣ የሚያነበው የለም፣ ልጻፈው። ሥራውን ከኔ በላይ ታውቀዋለች። ስሜ ብቻውን ሽፋን ላይ እንዲወጣ ፈለግኩ። በቃ ይኸው ነው።

ሐሙስ፣ የካቲት 13

ዜሮ ገጽ። ቤት ገብቼ ዓይኔን በጨው አጥቤ "ዐሥር" አልኩ። ባለቤቴ የትንሿን ጫማ እንደያዘ ወንበር ላይ እንቅልፍ ወስዶት ነበር። ቀስቅሼው ነው የዋሸሁት።

ሰኞ፣ የካቲት 17

ኮሪደሩ ላይ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው የሚቀመጡ ሽማግሌ አሉ። ሁልጊዜ አያቸዋለሁ። ዘበኛውን የሚጠብቁ ነበር የሚመስለኝ። ዛሬ ለውሃ ስወጣ ተነሡልኝ።

"ልጄ፣ ላጣድፍሽ አይደለም… ለመጨረስ ስንት ቀን ይቀርሽ ይሆን?"

"ምኑን አባቴ?"

"መጽሐፉን።"

ጡረታ የወጡ ድልድይ ሠሪ ናቸው። በወጣትነታቸው የነደፉት የመጀመሪያው ድልድይ እዚያ መዝገብ ውስጥ አለ። ያለው አንድ ቅጂ ብቻ ነው። ዓይናቸው ከቀን ቀን እየደከመ ስለሆነ፣ ሳይብስባቸው አንድ ጊዜ ሊያዩት ነው የሚመላለሱት። ዛሬ ሰባተኛ ቀናቸው። ሴትዮዋ ደግሞ አንባቢ እጅ የገባ መጽሐፍ አታስመልስም።

"ምነው ታዲያ ሳይነግሩኝ?"

"የሚያነብ ሰው ይቋረጣል እንዴ? ነውር ነው።"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር። ሮጬ ገብቼ አመጣሁላቸው።

"ጨረስሽው?"

"አልጀመርኩትም።"

"እኔ እኮ ምን ያህል ብትወደው ነው እያልኩ…" አሉና ሳቁ። ከልባቸው ነው የሳቁት፣ እኔን ለመውቀስ አይደለም። ገጹን አገኙትና አፍንጫቸው ወረቀቱን እስኪነካ አጎነበሱበት። ቀና ሳይሉ ብዙ ቆዩ።

መመሪያውንም እንደዚሁ ነው ታቅፌ የተቀመጥኩት። ቀጭኗ ስትጠብቅ። አዋላጆቹ ሲጠብቁ።

ቤት እንደገባሁ፣ ባለቤቴ ሽንኩርት እየከተፈ ሳለ፣ "ሠላሳ አንድ ነው" አልኩት።

"ዛሬ?"

"ጠቅላላ።"

ቢላውን አስቀመጠ። "እኔ ደግሞ ጋራዥ ላለው ሁሉ ሚስቴ መቶ ደረሰች ብዬ አውርቻለሁ።" ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ቀጭኗ ላግዝሽ ማለቷንም ነገርኩት። "ለልጅቷ ደውዪላት። ከዚህ በላይ አልችልም፣ ደክሞኛል" አለ።

ደክሞኛል ሲል ሰምቼው አላውቅም ነበር።

ማክሰኞ፣ የካቲት 18

ደወልኩ። ብትኩራራብኝ እፎይ ባልኩ… "የትኛውን ምዕራፍ?" ብቻ አለች። አንድ ሰዓት ሳይሞላ መጣች። የሕክምና መዝገበ ቃላት አወጣን፤ እየገለጥን ነው።

መነጋገር ስለማይቻል በቁራጭ ወረቀት እንጣላለን። "የወሊድ ጊዜ መኮማተራዊ ሕመም? ምጥ በዪው እንጂ ሴትዮ!" ብላ ጻፈችልኝ። ልክ ናት። ተናድጄ ሰረዝኩ።

ዓርብ፣ የካቲት 21

አራት ሰዓት ሙሉ ሳልነሳ። ውሃም አላማረኝም።

ዓርብ፣ የካቲት 28

አለቀ። ከሰዓት እናስረክባለን። ከግማሽ በላይ የሷ ነው።

እሷ እጇን ልትታጠብ ወርዳ ሳለ የመጀመሪያውን ገጽ አወጣሁ። ስሜ ለብቻው ተጽፎበታል፤ አንድ መስመር እንኳ ሳልተረጉም ነበር የጻፍኩት። ቀደድኩት። በአዲስ ወረቀት የሷን ስም ከላይ፣ የኔን ከሥር ጻፍኩ። ቅር አላለኝም ብል ውሸት ነው፤ ቅር ብሎኛል።

ተመልሳ ወረቀቱን አየች። ብዙ አየችው። ከዚያ ቁራጭ ወረቀት ሳትፈልግ፣ በሹክሹክታ፣

"ስማችን በፊደል ተራ ነው?"

"አይደለም" አልኳት።