ጁባ የሚኖረው ወንድሜና ቢቸና የተሰበረው የእናቴ ክንድ

ለተከበሩ አቶ ስጦታው፣ መሥሪያ ቤቱ እንዳያፍር ስሙን የማልጠራው የግብር ቢሮ ኃላፊ፤

ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? የክንድዎ አጥንት በየቦታው እንዳለ ተስፋ እያደረግሁ፣ የእናቴ ግን መሰበሩን በታላቅ አክብሮት አስታውቃለሁ። እኔ የቢቸናው ግንበኛ ፋንታ በማታ ትምህርት ፊደል ከቆጠርሁ ገና ዓመቴ ነው፤ ቢሆንም እንደ እኔ የሚጽፍ አላየንም ብለው መምህራችን መስክረውልኛል። አብረውኝ የተማሩት ባይስማሙም፣ እነርሱ ገና «መ» ላይ ናቸው።

አንደኛ፦ ያለው የሚባለው ወንድሜ ሞጣ የነበረውን ሱቅ ዘግቶ፣ ንግድ ፈቃዱን መልሶ፣ ሚስትና ልጆቹን ይዞ ጁባ ከገባ ቆይቷል። ግብሩንም እዚያው ይከፍላል። ውክልናውን ይዤ «ከእንግዲህ የዚህ አገር ግብር ከፋይ አይደለምና ፋይሉ ይዘጋልኝ» ብዬ ባመለከትሁ ጊዜ፣ አገር መልቀቁን እናጣራለን ስላሉኝ አመሰግናለሁ። እንዲህ ያለውን ማጣራት ግን ለጠላቴም አይስጠው።

ሁለተኛ፦ አጣሪዎችዎ የደረሱት የጽዋ ማኅበራችን ተራ ለያለው በወጣበት በጊዮርጊስ ዕለት ነው። በእኛ ዘንድ ሰው አገር ቢለቅ ከማኅበር አይወጣም፤ ተራው ሲደርስ እናቱ በስሙ ትደግሳለች። እናታችን ወለተ ሐና ጠምቃ፣ ቄሱ ባርከው፣ «የያለው ጽዋ» እየተባለ ሲጠጣ፣ አጣሪዎቹ ዘው ብለው የደገሰ ሰው አገር ውስጥ አለ፣ የደበቃችሁትን አውጡ አሉን። ጁባ ነው ብንል የጤፉን ጎታ በመጥረቢያ ፈለጡት፤ ወንድሜ ጤፍ ውስጥ ተኝቶ እንደሁ ብለው ይሆናል። ጋኖቹን በዱላ አደቀቋቸው። ዱላው ወደ ጽዋው ሲዞር እናቴ ክንዷን ጋረደችበት። አጥንቱ ሲሰበር ደጅ ድረስ ተሰማ።

ሦስተኛ፦ ስለ አንደኛው አጣሪ ጥርሶች ይቅርታ እጠይቃለሁ። እጄ ድንጋይ መጥረብ የለመደ ስለሆነ ነካ ሳደርገው ረገፉ። አጥበን፣ ጠቅልለን፣ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልከናቸዋል፤ የመሥሪያ ቤቱ ንብረት ናቸውና ደረሰኝ ይሰጠን።

አራተኛ፦ ከዚህ ሁሉ በኋላ እርስዎ በቸርነትዎ መላ ሰጡን፤ የወንድሜ ስም ከማኅበሩ ይፋቅ፣ ፋይሉም ይዘጋል፣ አለዚያ በሚመጣው ተራም እንመጣለን አሉ። ሽማግሌዎች ይህን ሲነግሯት፣ እናቴ ወጌሻ ያሰረውን ክንዷን ታቅፋ ሰማቻቸው።

«ለልጄ እዚህ የቀረለት ይኸው ስሙ ነው» አለች። «እሱን ከምፍቅ፣ ይምጡና ይኸኛውንም ክንዴን ይስበሩት።»

ስለዚህ አይፋቅም። ሲመጡ ግን የሚጋርደው ክንድ የእርሷ አይሆንም፤ የማኅበሩ ወንዶች ሁሉ ዱላ ቆርጠናል።

የአጥንትዎን ደኅንነት አንድ በአንድ እየቆጠርሁ የምጸልይልዎ፣ ቀድሞ በጣት አሁን ግን በስሙ የሚፈርም ትሑት አገልጋይዎ፣
ፋንታ፣ ከቢቸና

ማስታወሻ፦ ነፍሳቸውን ይማርና አባትዎ አቶ ኃይለ ጊዮርጊስ ካረፉ ስንት ዘመናቸው፤ ጽዋቸው ግን ሞጣ ላይ ዛሬም በስማቸው ይወጣል፣ እርስዎም ሲጠጡ አይቻለሁ። በሕግዎ መሠረት እርሳቸውም አገር ውስጥ አሉ ማለት ነው። አጣሪዎችዎን ወደ መቃብራቸው ይላኩ፤ መጥረቢያውን እንዳይረሱ።