ዱላ አይደለም፣ ብጉር ነው

ይድረስ ለእታለሜ፣

እንዴት ነሽልኝ? አንቺስ፣ ማሙሽስ፣ ባልሽስ? እንቅልፍ እንዴት ያደርግሻል? ልጁ ሌሊት ያስተኛሻል ወይስ እንደኔ ነጭናጫ ወጣ? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። የእማዬ ጉልበት ተሽሏታል፤ ምላሷማ መቼም ታሞ አያውቅ።

በስልክ ያልነገርኩሽ ስልኩ የእማዬ ስለሆነ ነው፤ ስናወራ ከጎኔ ንቅንቅ አትልም። ይህን ደብዳቤ ነገ ወደ እናንተ ለምትመጣው ለልብስ ሰፊው ልጅ እሰጥልሻለሁ። ነገሩ እንዲህ ነው። እሁድ ስንደውል እንደ ልማድሽ ካሜራውን ወደ ጣሪያ አዙረሽ ነበር። ማሙሽ ሻሽሽን ሲጎትት ስልኩ ተንሸራተተና ብጉር የወረረውን አገጭሽንና ፀጉሩ የሳሳውን የግንባርሽን ዳር አየን። ወዲያው ዘጋሽው። እኔ ገብቶኛል፤ ያን አገጭ በየቀኑ መስታወት ውስጥ አየዋለሁ። እማዬ ግን መነጽሯን አላደረገችም። "ልጄን ይመታታል፤ ፊቷ በልዟል፣ ፀጉሯንም ነጭቶታል" ብላ ቁጭ አለች። ብጉር ነው ብላት "አንቺ ምን ታውቂያለሽ" አለችኝ። ሰኞ ለታ የባልሽ እናት በር ላይ "እንዴት ዋልሽ" ሲሏት እማዬ ፊቷን አዙራ ገባች። ሴትዮዋ ምን እንዳጠፉ ግራ ገብቷቸው ቆመው ቀሩ፤ አንጀቴን በሉኝ። አሁን ደግሞ አጎታችን ደውሎ ባልሽን እንዲያፋጥጠው ትወተውተዋለች።

እታለሜ፣ እኔም ከዚሁ ጣጣ ጋር ስታገል ነው የከረምኩት። ትምህርቱን ጥዬ ፀጉር ቤት ራስ አጣቢ መሆኔን ታውቂያለሽ። ለሂሳብ እምቢ ያለው ጭንቅላቴ ፎረፎርን እሺ ብሎ ተቀበለው። ያሳክከኛል፣ ይላጣል፤ ወር አበባዬ ሊመጣ ሲል ይብሳል፣ አገጬም ብጉር ይሞላል። እማዬ "ደርቆብሽ ነው" እያለች ዘይት ታፈስበታለች፤ እኔም ሻሽ አስራለሁ። አንድ ቀን አንዷ ደንበኛ አንገቷን ገንዳው ላይ ልታሳርፍ ስትል ቀና ብላ ከሻሼ ሥር የሚላጠውን አየችና "ይተላለፋል እንዴ? ሌላ ልጅ ትጠበኝ" አለች። ታውቂኛለሽ፤ ፎጣውን ጭኗ ላይ ወርውሬ "ይተላለፋል፣ መጀመሪያ የሚይዘው ምላስን ነው" ብዬ ወጣሁ።

የተባረርኩ መስሎኝ በማግስቱ ዕቃዬን ልወስድ ስሄድ የፀጉር ቤቱ ባለቤት "ለምላስሽ መድኃኒት የለውም፣ ራስሽን ግን እናሳክመው" ብላ እጄን ይዛ የቆዳ ሐኪም ጋ ወሰደችኝ። ሐኪሙ "ወር አበባሽ ይዛባል?" ሲለኝ "እኔ የመጣሁት ለራሴ ነው፣ በእሱ ምን አገባዎት?" አልኩት። ስቆ አስረዳኝ። ሆርሞን ሲዛባ ፊትም የራስ ቆዳም ቅባት ይበዛበታል፤ ቆሻሻ አይደለም፣ አይተላለፍም። ዘይቱን ተይ፣ መድኃኒት ያለበት ሻምፖ ቀብተሽ ትንሽ አቆይተሽ አለቅልቂው፣ በጥፍር አትፋቂው፣ ብጉሩን አታፍርጪው አለኝ። ደሜንም አስመረመረኝ። "እየተመላለሰ ያስቸግርሻል፤ በተናደድሽ ቁጥር መድኃኒቱን እየጀመርሽ አታቋርጪ" አለኝ፤ ከመድኃኒቱ ሁሉ የከበደኝ ይሄ ነው። ቀለል ብሎኝ ነበር፣ በዚህ ወር ተመልሶ መጣ። አላቋረጥኩም።

ትናንት ለቀጠሮ ስሄድ ስላንቺም ጠየቅኩት። ከወሊድ በኋላ ፀጉር መርገፍ የብዙ ሴት ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ መልሶ ይበቅላል አለ። ግን ጡት ስለምታጠቢ የኔን መድኃኒት እንዳትነኪ፤ እዚያው ሐኪም ሳታማክሪ ምንም አትቀቢ። ብቻሽን ተደብቀሽ አትብሰልሰይ።

እኔ ብምልም እማዬ አታምነኝም። እሁድ መነጽሯን በእጄ አደርግላታለሁ። አንቺም ሻሽሽን አውልቀሽ ፊት ለፊት ተቀመጪ፤ እኔም ከጎኗ አወልቃለሁ፣ አንድ ዓይነት መሆናችንን እሷው በዓይኗ ትይ። ታልቅስ፣ ትቆጣ፣ ዘይት ተቀቢ ትበልሽ። ቢያንስ የምታለቅሰው ላለ ነገር ይሆናል።

ትንሹ ወንድማችን ናፍቀሽዋል፤ አጎታችንም ቢናደድም ለአንቺ ያለው ፍቅር ያው ነው። ማሙሽን ሁለቱንም ጉንጩን ሳሚልኝ። ባልሽን አይዞህ በይልኝ፤ እዚህ ቤት ጠበቃው እኔ ነኝ፣ ምስክሩ ግን አንቺ ብቻ ነሽ።

ታናሽሽ

ከፀጉር ቤቱ ጓዳ፣ ረቡዕ ኅዳር 12