የአለቃው ቀበቶ

አንተ ቀልደኛ፣ እንዴት ነህልኝ?

የምሠለጥንበት ላቦራቶሪ አለቃ ሰፊ ጋዋኑን ለብሶ በቦርጬ ሲተርበኝ ነው የሚውለው። ዛሬ የሰውነት ስብ ወደ ደም የሚለቀውን ሆርሞን ለይቶ የሚይዝ አዲስ አንቲቦዲ፣ ማለትም የመመርመሪያ ፕሮቲን፣ መጣልንና በሁለታችን ደም ሞከርነው። ስብ ሲበዛ ሆርሞኑም ይበዛል፤ ሆርሞኑ በበዛ ቁጥር ደግሞ የምርመራው ቀለም ይደምቃል። የእኔ ፈዘዝ ሲል የእሱ ቦግ አለ!

«ይሄ የተበላሸ ነው፣ ጣሉት!» አለ። እዚያ እኛ መሥሪያ ቤት ቢሆን «ልክ ነዎት» ብለን በጣልነው ነበር። እዚሁ ላቦራቶሪ የምትሠራው ሚስቱ ግን «አንቲቦዲው ምን አጠፋ? እስቲ ጋዋኑን ገልጠህ ቀበቶህን ፍታው!» አለችው። ሰውየው ቀበቶውን በሁለት እጁ ጨምድዶ ከክፍሉ ውልቅ አለ፤ አንቲቦዲውም ከመጣል ተረፈ።

የፖስታ ካርዱ ላይ ቦታ አለቀብኝ። እማማን ሳምልኝ፤ ለሚስቴም «ከስቷል፣ በላቦራቶሪ ተረጋግጧል» በልልኝ።