የለሳኙ መስኮት

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ ታላቅ እህቴ፤

እትዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ ወይስ አሁንም ደረጃ ባየ ቁጥር ያምፃል? የእማዬ ዓይን እንዴት ነው? ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኔ በሥጋዬ ደህና ነኝ። ሌላውን ከታች ትደርሺበታለሽ፤ ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው።

ልብ ወለድህ የት ደረሰ ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። እዚህ ስምንት የግንባታ ሠራተኞች በአንድ ክፍል እናድራለን። መጀመሪያ መጸዳጃ ቤት ገብቼ፣ ባልዲ ደፍቼ ተቀምጬ ነበር የምጽፈው። ውጭ ተራ የሚጠብቀው ሁሉ "ደራሲው፣ ምዕራፉን ዝጋና ውጣ፣ ሊያመልጠኝ ነው!" ይለኛል። ደራሲው የሚለው ቅጽል ስም በዚያው ተለጥፎብኝ ቀረ።

መስኮት ሥር ያለው የአንድ ሰው አልጋ ብቻ ነበር፤ የለሳኙ። ግድግዳ ሲለስን እንደ መስተዋት ያደርገዋል፤ ፊደል ግን አልቆጠረም። ስለዚህ ተስማማን። ከሥራ መልስ እስከ እራት አልጋውን ይለቅልኛል፣ እኔ ደግሞ በየወሩ ለእናቱ ደብዳቤ እጽፍለታለሁ። እናቱ ያሉት ካንቺ ቤት በአውቶቡስ የአንድ ሰዓት መንገድ ነው። የሚያስጽፈኝ ሁሌም ያው ነው፤ "ደህና ነኝ ብለህ ጻፍ፣ በቃ።"

ሰኔ ላይ ከአራተኛ ፎቅ መወጣጫ ወደቀ። እዚሁ ቀበርነው። ድርጅቱ የቤተሰቡን አድራሻ እንኳ አልጠየቀንም። እኛም መርዶ በወረቀት አይነገርም ተባባልን፤ ቀድሞ ፈቃድ ያገኘ ሰው ሄዶ በአካል እንዲነግራቸው ወሰንን። ፈቃድ ያገኘ ግን የለም። በዚህ መሀል "ልጄ፣ ምነው ዝም አልክ?" የሚል ደብዳቤ መጣ። ጓደኞቼ አንድ ጊዜ ብቻ ደህና ነኝ በልላቸው ብለው ለመኑኝ። ጻፍኩ።

እትዬ፣ ይኸው ሰባተኛው ወር ነው። መስኮቱ አሁን የኔ ነው። ከጣውላ ጠረጴዛ ሠርቻለሁ፤ ብርሃኑም ጸጥታውም ያኔ የተመኘሁት ነው። ልብ ወለዱ ግን አንዲት መስመር አልተንቀሳቀሰም። እዚያ ስቀመጥ የምጽፈው ለሳኙን ብቻ ነው፤ በየወሩ፣ በስሙ ለእናቱ። ጉንፋን አስያዝኩት፣ መልሼ አዳንኩት፤ የለሳኞች አለቃ አድርጌም ሾምኩት። መናገሩ ያሳፍረኛል እንጂ፣ በሕይወቴ እንዲህ የሰመረልኝ ጽሑፍ የለም።

ትናንት መልሳቸው ደረሰኝ። "ድሮ ደህና ነኝ ብለህ ነበር የምትዘጋው፤ ልጄን ያወቅኩት ገና ዘንድሮ ነው" ይላሉ። ክፍል ሠርተውለታል። ግድግዳውን ማንም እንዳይነካው፣ አንተ መጥተህ በእጅህ ትለስነዋለህ ብለዋል። አንብቤ ስጨርስ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ።

እግርሽ ላይ ወድቄ እለምንሻለሁ። ጎረቤቶቻቸውን ቀድመሽ አናግሪና በጠዋት አብራችሁ ሄዳችሁ ንገሯቸው። ማን ሲጽፍላቸው እንደነበር ቢጠይቁሽ አትደብቂ፤ ወንድሜ ነው በያቸው። ቢረግሙኝም አንድ ቃል ሳትቀንሺ ጻፊልኝ።

የእማዬን ጉልበት ሳሚልኝ፤ ይህን ግን አታንብቢላት። ለባለቤትሽ የከበረ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ። ትልቋን በትምህርትሽ በርቺ በያት፤ ትንሹን ጆሮውን ቆንጠጥ አድርገሽ ሳሚልኝ። ለለሳኙ እናት ሰላምታ አልልክም፤ በልጃቸው ስም ብዙ ልኬያለሁ።

ወንድምሽ
ከሠራተኞች ማደሪያ፣ ጥር 9 ቀን