ቀይ የማይሰቀልበት ገና

ዲሴምበር 2፣ ማክሰኞ
ዝናብ። ከሥራ መልስ የገና መብራት ገዛሁ። ነጭ። ለምን ነጭ? ሻጩ አቀበለኝ፣ ተቀበልኩ። መብራት የባሌ የዊንግፋይ ሥራ ነበር... በሴፕቴምበር ቀበርነው። ምንም አይሰማኝም።

ዲሴምበር 3
በሩ ላይ ሰቀልኩት። አብረውኝ የሚኖሩት አማቴ፣ የባሌ እናት፣ አዩትና ደረታቸውን ያዙ።
«በር ላይ ነጭ? ሌላ ሬሳ ልታወጪ ነው?»
በእኛ በቻይናውያን ዘንድ ነጭ የሐዘን መሆኑን ከልጅነቴ አውቃለሁ። እንዴት ረሳሁ? አወረድኩት። ቀይም አይሆንም፤ ቀይ የደስታ ነው፣ ሐዘን ያለበት ቤት ዓመት ሳይሞላ ቀይ አይሰቅልም።

ዲሴምበር 7
ሰማያዊ ሞከርኩ። በራችን ወደ ሰሜን ነው፤ ሰሜን የውሃ አቅጣጫ፣ የውሃ ቀለም ደግሞ ሰማያዊ። ልክ እንደ ፌንግ ሹይ፣ እንደ ጥንቱ የቤት አሰናነድ ሕግ። አማቴ ራሳቸውን ነቀነቁ።
«ውሃ አበዛሽው። ቤቱ እንደሆነ በለቅሶ ርሷል።»
በማን ለቅሶ? እኔ አንዲት ዘለላ እንባ አልወጣኝም። ለካ ከግድግዳው ማዶ እሳቸው ሌሊት ሌሊት ያለቅሱ ኖሯል...

ዲሴምበር 12
የባሌ እህት ዩክሊን ከቶሮንቶ ደወለች። ለገና መጥታ እናቷን ልትወስድ ነው። ለዘለቄታው። «እሺ» አልኩ። ሰሞኑን ለሁሉም እሺ ነው።

ዲሴምበር 14
አማቴ ልብስ ያጣጥፋሉ።
«እማማ፣ ምን ጎደለብዎት?»
«ምንም። እኔ ሐዘኔን ይዤ ልሂድልሽና አንቺ ቀይ ስቀዪ። ገና ልጅ እኮ ነሽ።»
ለቀይ ብለው?  ዕቃ አጠብኩ።

ዲሴምበር 20
ትንሽ ጥድ ገዝቼ ገባሁ። ከነአፈሩ፣ በሸክላ። መብራት የለው፣ ኳስ የለው። በሩ አጠገብ አስቀመጥኩት። አማቴ ከሻንጣቸው ቀና አሉ።
«ባዶውን?»
«አረንጓዴው ይበቃል። በፌንግ ሹይ ውሃን እንጨት ይጠጣዋል ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ አይደሉም እንዴ? ቀዩ ይቅርብኝ። እማማ፣ አይሂዱብኝ...»
 ከዚያማ በቃ፣ መሬት ላይ ቁጭ ብዬ እንደ ሕፃን አነባሁት። ፈርቼ ነበር። ለካ ብቻዬን መቅረት ነው ያስፈራኝ።
ጎንበስ ብለው ፀጉሬን ዳበሱኝ።
«አልቅሺ። እንጨቱ ይጠጣዋል።»

ዲሴምበር 28
ለገና የመጣችው ዩክሊን ብቻዋን ተመለሰች። «ሁለታችሁም ግትር!» ብላ ስቃ ሄደች። ሻንጣው አልጋ ሥር ገብቷል።
ጠዋት አማቴ ጥዱን ውሃ ሲያጠጡ አገኘኋቸው።
«ቀዩ ለከርሞ። የከርሞ ሰው ይበለን» አሉኝ።
አሜን አልኩ። ደግሞ ራበኝ... ከስንት ጊዜ በኋላ።