ስሜን ያየሁበት ወረቀት

ሰኞ፣ ኅዳር 8

«እርስዎ ሞተው ቢሆን ኖሮ ይከፈል ነበር» አለችኝ የኢንሹራንሱ ቢሮ ሠራተኛ። ክፋት የለባትም፤ ልጅ ናት። ጣቷን ወረቀቱ ላይ አድርጋ እንደ ደህና ነገር ነው የነገረችኝ። «ይኸው ይዩት አዮ፣ እናቴ፤ ዋስትና የተገባለት ሰው፦ ዘይነባ አህመድ። ተጠቃሚ፦ ዑመር ዩሱፍ። የሞቱት ግን አቶ ዑመር ናቸው።»

አየሁት። አዲስ ነገር እንዳየ ሰው ዓይኔን አጠበብኩ። የውሸቴን ነው። ያን መስመር ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት አይቼዋለሁ።

«አሁን ብሞትስ? ማን ይቀበለዋል?» አልኳት። ሳቀች፤ ወዲያው ደግሞ በእጇ አፏን ያዘች።

ከሦስት ቀን በፊት ከባንኩ የመጣው ማስጠንቀቂያ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ሠላሳ ቀን ይላል። ከዚያ ቤቱ በሐራጅ ይሸጣል። ሦስት ክፍል ከነማድ ቤቱ፣ ከነግቢው። ባለቤቴ ዑመር፣ በልጃችን ስም አባ ሐናን የምለው፣ ከሞተ ዘጠኝ ወሩ ነው። ከመሰላ ጫት እያመጣ እዚህ ጭሮ ከተማ ይሸጥ ነበር፤ የባንኩም የኢንሹራንሱም ክፍያ ከእሱ ኪስ ነበር የሚወጣው። ልጄ ሐናን ገለምሶ ነርስ ናት። የምትልክልኝ ለቀለብ ይበቃል፤ ለባንክ አይበቃም።

እሱ ሲሞት ሰው ሁሉ ለቅሶ ቤት «ቤቱስ ተርፎልሻል፤ ኢንሹራንስ ገብቶ ነበር» እያለ ነው ያጽናናኝ። እኔ ግን ምናልባት የኔ ንባብ ተሳስቶ ይሆናል እያልኩ ዘጠኝ ወር ወደዚያ ቢሮ ሳልሄድ ቆየሁ።

ቅሬታ ማቅረብ ይቻላል ወይ ብዬ ልጅቷን ጠየቅኳት። ይቻላል፤ በጽሑፍ፣ ለኃላፊው። ግን ወኪሉ ምን ብሎ እንደሸጠላችሁ ማስረጃ ያስፈልጋል አለች።

ማስረጃ። የአፍ ነገር ነበር እኮ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ማመልከቻውን ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስቴም ቀደድኩት። «ጉዳዩ፦ ቅሬታ ስለማቅረብ» እስከሚለው ድረስ እጄ ይታዘዛል።

የማስታውሰውን እዚህ ልጻፍ፤ እዚህ ማንም አያየውም።

ወኪሉ ግርማ ይባላል። ያኔ ሂሳብ አስተማሪ ነበር፤ ከትምህርት ሰዓት ውጭ ኢንሹራንስ ይሸጣል። የባንኩ ብድር ሊፈቀድልን ሲል መጣ። ሳሎን ተቀመጠ። «አሥራ አምስት ዓመት ትከፍላላችሁ፤ የሚጠራቀመው ገንዘብ ብድሩን ይዘጋዋል። ከዚያ በፊት ሞት ቢመጣ ደግሞ ኢንሹራንሱ በአንዴ ይከፍለዋል» አለ። አባ ሐናን ጠንቃቃ ነው። «እኔ ብሞት ማለት ነው?» አለው። «አዎ፣ እርስዎ ቢሞቱ።» ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ጠየቀው። ግርማም ደግሞ አዎ አለው።

እስከዚህ ማመልከቻው ላይ ልጽፈው እችላለሁ። ከዚህ በኋላ ያለውን ነው የማልችለው።

አባ ሐናን ማንበብ አያውቅም። አንድ ጭነት ጫት በስንት እንደገባና በስንት እንደወጣ ጭንቅላቱ ውስጥ ያሰላል፤ ፊደል ግን አይለይም። ወረቀቱን ሁሉ ወደ እኔ ገፋው። «ሚስቴ ታነባለች። እሷ ደህና ነው ካለች እፈርማለሁ» አለ። ሲለው ደረቱን ነፍቶ ነበር።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት ሐናን አንደኛ ክፍል ስትገባ ነው። እሷ ጠረጴዛው ላይ መጽሐፏን ዘርግታ ስታጠና እኔ ከፊት ለፊቷ ተቀምጬ ሽንኩርት እየላጥኩ። ስለዚህ ፊደሉን የተማርኩት ተገልብጦ ነው። እስከ ዛሬ ከሰው ፊት ያለ ወረቀት ማንበብ አይከብደኝም።

ያን ቀን አራት ገጽ ነበር። አንዱን ጨረስኩ። ሁለተኛው ላይ ቃሉ ሁሉ ድንጋይ ሆነብኝ። ግርማ እስክሪብቶውን ይዞ ይጠብቃል። አባ ሐናን ፈገግ ብሎ ያየኛል። በዚህ መሃል ስሜን አየሁ። በታይፕ የተጻፈ፣ ሙሉ ስሜ። የቀበሌ መታወቂያዬ ላይ እንኳ በእጅ ነው የተጻፈው። ደስ አለኝ። ስሜ ለምን እዚያ እንደገባ አልጠየቅኩም። የቀረውን ገጽ ገለበጥኩና «አንብቤዋለሁ፤ ደህና ነው» አልኩ።

ሁለታችንም ፈረምን። እሱ በጣቱ፣ እኔ በእስክሪብቶ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ግርማን ፍለጋ ሚኤሶ ሄጄ መጣሁ። ሙቀቱ አናቴን ሊበሳው ነበር። ግርማ ማስተማሩንም ኢንሹራንሱንም ትቶ አስፋልቱ ዳር ጎማ ቤት ከፍቷል። ፀጉሩ ነጭ ሆኗል። ገና ከሚኒባሱ ስወርድ ለየኝ።

«ወይዘሮ ዘይነባ! አንባቢዋ!» አለ። በርጩማ አወጣልኝ፤ ውሃ አስመጣልኝ። የአባ ሐናንን ሞት ስነግረው ከልቡ ደነገጠ። «ስንት ሰው አስፈርሜያለሁ መሰለዎት፤ ሌላው 'የት ጋ ልፈርም' ብቻ ነው የሚለው። አራቱንም ገጽ ገልብጠው ያዩት እርስዎ ብቻ ነዎት።»

የውሃውን ብርጭቆ መሬት አስቀመጥኩት።

ለምን በኔ ስም አደረግከው አልኩት። የጭነት መኪና ጎማ እየፈታ ስለነበር ቀና ሳይል ነው የመለሰልኝ። «ኢንሹራንሱ ከሚቀበለው ዕድሜያቸው አልፎ ነበራ። ብነግራችሁ ትተዉት ነበር። እኔም ያኔ ልጆች ነበሩብኝ፤ በአስተማሪ ደመወዝ…» ጎማው ተፈናጥሮ ሲወጣ ቀና ብሎ አየኝ። የተናገረው ያኔ ነው የገባው መሰለኝ።

«ይህንኑ በወረቀት ጻፍልኝ» አልኩት።

«በራሴ ላይ? ኧረ ወይዘሮ ዘይነባ! እርስዎ አንብበው ደህና ነው አሉ። የኔ ወሬ ከወረቀቱ አይበልጥም።»

«አንተ ግን ሁለቴ አዎ ብለኸዋል።»

«ማን ሰማ?»

የጭሮ መኪና አስቁሞ ረዳቱን «እናቴ ናት፤ እንዳትጠይቃት» አለው። የመሳፈሪያዬን ራሴ ከፈልኩ።

መንገዱን ሙሉ ማሽላ የሚያጭዱ ሰዎች በመስኮት አየሁ። እናቴ ናት ያለው ነገር ከእምቢታው ይልቅ አናደደኝ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

አገኘሁት።

የአባ ሐናንን ሽርጦች ለጎረቤቴ ለመርየማ ልጆች ልሰጥ ብዬ የቆርቆሮውን ሳጥን ከፈትኩ። ከታች የሐናን የድሮ ደብተሮች አሉ። እሷ የተረፋትን ገጽ እኔ እጄን ለማፍታታት እጽፍበት ነበር። የወተት ሒሳብ፣ የአየሩ ነገር፣ ማን ወለደ፣ ማን አገባ። አንዱን ሳገላብጥ ቀኑ ከውሉ ቀን ጋር አንድ ነው። ፊደሎቹ ትልልቅና ያዘነበሉ ናቸው። እንደተጻፈው እነሆ፦

«ዛሬ የኢንሹራንስ ሰውዬ መጣ። ዑመር ቢሞት የቤቱ ብድር ያልቃል አለ። ዑመር እኔ ብሞት ወይ ብሎ ሁለቴ ጠየቀው። ሁለቴ አዎ አለ። አንቺ አንብቢ ተባልኩ። አንድ ገጽ አነበብኩ። ሌላው ከበደኝ። ስሜን አየሁ ደስ አለኝ። አንብቤዋለሁ አልኩ። አላነበብኩም።»

ሳሎን ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ግርማ ማን ሰማ ብሎኝ ነበር። ይኸው የሰማ ደብተር።

ከዚያ መቀስ አመጣሁ። ከ«ሁለቴ አዎ አለ» ሥር ብቆርጠው ላይኛው ግማሽ የሚያስፈልገኝን ሁሉ ይዟል። ታችኛውን ምድጃ ውስጥ እጨምረዋለሁ። መቀሱን እስከ ጠርዙ አስጠጋሁት።

ግማሽ ገጽ ማን ያምናል? ይህን ለራሴ አልኩት፤ ግን እውነቱ እሱ አይደለም። አንዴ ግማሹን ደብቄ ቤቱን እዚህ አድርሼዋለሁ።

መቀሱን መለስኩ። ደብተሩን ግን ወደ ቢሮ ለመውሰድ ልብ አላገኘሁም።

ዓርብ፣ ኅዳር 12

ቀኑን በከንቱ አባከንኩት። ከጁምዓ በኋላ ጎረቤቴ መርየማ የግብር ወረቀት ይዛ መጣች። የሰፈሩ ሴት ሁሉ ወረቀት ሲመጣበት ወደ እኔ ነው የሚልከው፤ የቀበሌ፣ የክሊኒክ፣ የትምህርት ቤት። አነበብኩላት። አንዱ ቃል አልገባኝም፤ ዘልዬው አለፍኩ።

«አላህ ዓይንሽን ይጠብቅልን። እኛማ ያላንቺ ዕውር ነን» አለች።

ስንት ቃል ዘልዬባቸው ይሆን?

ሐናን ደወለች፤ ነገ ትመጣለች። «ማመልከቻውን አስገባሽ?» ስትል «እየጻፍኩ ነው» አልኳት።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

ከነገለምሶ አቧራዋ ገና እንደገባች ደብተሩን ሰጠኋት። ምሳ ከበላች በኋላ ብል እንደማልሰጣት አውቃለሁ።

ቆማ አነበበችው። አጭር ነው፤ እሷ ግን ብዙ ቆየችበት። «አባዬ ያውቅ ነበር?» አለች።

«አያውቅም።»

ሆስፒታል ተኝቶ እያለ «ቤቱ አለሽ፤ እኔ እሱ አያሳስበኝም» ይላት ነበር ለሷም። ሁለታችንም ያንን ያሰብን ይመስለኛል። ደብተሩን አስቀምጣ ወደ ግቢ ወጣች። ንጹሑን ዕቃ እንደገና ስታጥብ ሰማኋት። ድስቱን፣ ሳህኑን፣ ድስቱን መልሳ። አልተከተልኳትም።

ስትመለስ እጇ ይንጠባጠባል። «አምስተኛ ክፍል ነበርኩ እማዬ። ጓዳ ነበርኩ። ብትጠሪኝ አብረን እናነበው ነበር።»

«አንቺ ፊት ማፈር ከሁሉ ባሰብኝ» አልኳት። ሌላ ምክንያት የለኝም።

«ልቅደደው?» አልኩ። ምን እንድትለኝ ፈልጌ እንደሆነ አላውቅም።

«እንዳትቀጂው! ሰኞ ወስደሽ ስጪያቸው፤ ሙሉውን።» ሻርፗን ፈትታ አራገፈች። «አልተቆጣሁም ማለት ደግሞ አይደለም።»

ማመልከቻውን አብረን ጻፍነው። እኔ ስናገር እሷ እንድትጽፍ ብፈልግም፣ «ራስሽ ጻፊው» አለችኝ። የሚኤሶውንም ጨመርኩ፤ ዕድሜው አልፎ ነበር፣ ብነግራችሁ ትተዉት ነበር ያለውን። ሁለት ገጽ ሆነ። ማታ ብዙ አላወራችኝም። ከመተኛቷ በፊት ግን፣ ጠዋት ስለምትሄድ፣ የባንኩን ማስጠንቀቂያ በስልኳ ፎቶ አነሳችው።

ሰኞ፣ ኅዳር 15

የኢንሹራንሱ ኃላፊ ከሌላ ክልል የመጣ ወጣት ሰው ነው፤ ረጋ ያለ። ማመልከቻዬን አነበበ። ከዚያ ደብተሩን። ታች ሲደርስ ተመለሰና ከላይ ጀመረ።

«እናቴ፣ ይህን ሙሉውን ለምን አመጡት? የታችኛው መስመር እኮ በእርስዎ ላይ ነው የሚመሰክረው። ሳላነብ አነበብኩ ብያለሁ ማለት…»

«የላይኛው ብቻውን ከሆነ ልክ አይደለም» አልኩት። ያቺ ልጅ፣ የመጀመሪያ ቀን ያነጋገረችኝ፣ ኮምፒውተሯን ትታ ታየኛለች። ከኋላዬ ሦስት ሰው ተሰልፏል፤ አንዱ የሰፈራችን ሰው ነው። እስከ ማታ መርየማ ትሰማለች። ትስማ።

ኃላፊው ወኪሉ አሁን የት እንዳለ ጠየቀኝ። ነገርኩት። ዕድሜያቸው አልፎ ነበር ያለውን ራሱ ነው የተናገረው ወይ አለኝ፤ አዎ፣ ጎማ እየፈታ አልኩት። ፋይሉ ሽፋን ላይ መጻፍ ጀመረ። ከፊት ለፊቱ ተቀምጬ ነበር። እሱ እኔ አነባለሁ ብሎ አላሰበም።

«ወኪሉ ተጠርቶ ይጠየቅ። ለዋናው መሥሪያ ቤት ይላክ። ሐራጁ እንዲቆይ ለባንኩ ይጻፍ።» ከዚያ አንድ መስመር ጨመረ፤ እሱን እጁ ጋረደብኝ።

ያስገባሁበትን የሚያሳይ ወረቀት አምጥቶ እስክሪብቶ ሰጠኝ። «እዚህ ጋ ይፈርሙ።»

«ላንብበው» አልኩ።

ወደ እኔ አዞረልኝ። አንድ ገጽ ተኩል ነው። ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ከኋላዬ ያለው ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። ሁለተኛው አንቀጽ ላይ «አዮ፣ ሰው እየጠበቀ ነው» አለ አንዱ። ቀና ሳልል ቀጠልኩ። ሦስተኛው ላይ ያልገባኝ ቃል መጣ። ጣቴን አሳረፍኩበት።

«ይሄ 'ያለ ቅድመ ሁኔታ' የሚለው ምን ማለት ነው?»

አስረዳኝ። ውሳኔው ምንም ይሁን ምን እቀበላለሁ ማለት ነው። «ይህንንማ አልፈርምም» አልኩ። አሰበና መስመሩን ሰረዘው፤ ስሙን አጠገቡ ጻፈ። የቀረውን እስከ ታች አነበብኩ። ከዚያ ፈረምኩ።

በሩ ጋ ስደርስ ተመልሼ ፋይሉ ላይ በመጨረሻ ምን እንደጻፈ ጠየቅኩት። ፈገግ አለ፤ አሳየኝ። «አመልካች አንባቢ ናቸው» ይላል። ለኔ ይሁን በኔ ላይ፣ አላወቅኩም።

ሐራጁ ቀረ አልተባለም። እንዲቆይ ይጻፍ ነው የተባለው። ባንኩ ይሰማል ወይ፣ አይታወቅም። ማስጠንቀቂያው ላይ ሃያ ቀን ቀርቷል።

ስመለስ በመርየማ በር አለፍኩ። ጠራኋት። የግብር ወረቀቱን እንደገና አምጪው አልኳት፤ አንድ ቃል ዘልዬብሻለሁ።